ጠዋት የተወለወለው ቡፌ ማታ ለምን አቧራ ይለብሳል?

ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያቆም አዲስ አበባ ውስጥ በየቤቱ አንድ ቅሬታ ይጀመራል። «አሁን ወልውዬ፣ አሁን!» ጠዋት የተወለወለው ቡፌ ማታ በጣት ስም ይጻፍበታል። ቴሌቪዥኑም እንደዚያው። ብዙ ሰው ጥፋቱን በመንገዱ፣ በግንባታው ወይም በጎረቤት እድሳት ያሳብባል። ከውጭ የሚገባው ቀላል አይደለም፣ ወደ እሱ እንመጣለን። ግን በዚያው ቀን ተመልሶ የሚተኛው አቧራ ብዙ ጊዜ አዲስ ገቢ አይደለም። ጠዋትም እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። በመጥረጊያ ተነስቶ አየር ላይ ወጣ፣ ሰዓታት ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ወረደ። ከቤት የወጣው እኮ ማፈሻው ላይ የተሰበሰበው ብቻ ነው።

ይሄ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ስለ መጠን ትንሽ ማውራት አለብን። የአቧራ መጠን የሚለካው በማይክሮን ነው፤ 1 ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይሆናል። ከጫማ የሚራገፈው፣ ባዶ እግራችንን ስንረግጠው የሚቆረቁረን አሸዋ መሰል ነገር ከፀጉር ይወፍራል። እሱ ቢነሳም በጥቂት ሴኮንድ ተመልሶ ይወድቃል፣ መጥረጊያም ጥሩ አድርጎ ይሰበስበዋል። አስቸጋሪው ደቃቁ ነው። 10 ማይክሮን የሚሆን ብናኝ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ወለል ላይ እስኪያርፍ፣ አየሩ ጸጥ ባለበት ክፍል፣ እንደ ክብደቱ ከ3 እስከ 8 ደቂቃ ይፈጅበታል። 1 ማይክሮን የሚሆነው ግን ከ4 እስከ 12 ሰዓት። ምክንያቱም የብናኙ ስፋት በግማሽ ባነሰ ቁጥር የመውረጃው ጊዜ በአራት እጥፍ ይረዝማል። ያውም አየሩ ጸጥ ካለ ነው። ልጅ የሚሯሯጥበት፣ በር የሚከፈት የሚዘጋበት፣ ምድጃ የሚነድበት ቤት አየሩ መቼም አይረጋም፣ ስለዚህ ደቃቁ ከዚህም በላይ ይቆያል።

እስቲ ሰዓቱን አስሉት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቤቱ ይጠረጋል። ወዲያው ቡፌው ይወለወላል። ያኔ ከወለል የተነሳው አቧራ ገና ከራሳችን በላይ ነው ያለው። ቀስ እያለ ሲወርድ ይውልና እንግዳ 10 ሰዓት ላይ ሲመጣ ቡፌው ላይ ይጠብቀዋል።

ካላመናችሁ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ማታ ላይ ምንጣፉን በደረቅ መጥረጊያ ጥረጉ፣ መብራቱን አጥፉ፣ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ወደ ጎን ያዙትና ጨረሩን ከጎኑ ሆናችሁ ተመልከቱ። የሚርመሰመሰውን ስታዩ ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ እዩት፣ ትልልቁ ወርዷል፣ ደቃቁ ግን አሁንም ይዋኛል። ቤቱን የሚጠርጉልን ሠራተኛ ካሉ ደግሞ «በደንብ አልጠረግሽም» ከማለታችን በፊት ይሄን ሙከራ ማየት ፍትሐዊ ይመስለኛል፤ አጥብቆ የሚጠርግ ሰው እንዲያውም የበለጠ ያቦናል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። «ከላይ ወደ ታች አጽዱ» የሚለውን ምክር ሁሉም ሰምቶታል፣ ትክክልም ነው፣ ግን የሚሠራው ወለሉ አቧራ በማያስነሳ መንገድ ከተጸዳ ብቻ ነው። ደረቅ መጥረጊያ የምትጠቀሙ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያ አልጋውን አንጥፉ፣ የሚራገፈውን አራግፉ፣ ወለሉን ጥረጉ። ከዚያ ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ። ግማሽ ሰዓት፣ ከተቻለ አንድ ሰዓት። በዚህ መሃል ወጥ ቤት ሥሩ፣ ልብስ እጠቡ፣ ቡና ጠጡ፣ የፈለጋችሁትን። ስትመለሱ ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ወልውሉ፣ ቁም ሳጥን አናት፣ ፍሬም፣ ቡፌ፣ ጠረጴዛ። ወለሉን መጨረሻ ላይ በእርጥብ መወልወያ ዝጉት። ሥራው አልጨመረም፣ ቦታው ብቻ ተቀያየረ። ለውጡን ግን በዚያው ቀን ታዩታላችሁ።

ደረቁን መጥረጊያ ጨርሶ መተው ከቻላችሁ ደግሞ ይሻላል። እናቶቻችን የመሬት ቤትና ግቢ ከመጥረጋቸው በፊት በእጃቸው ውኃ ይረጩ የነበረው ለዚህ ነው። ውኃ ብናኞቹን እርስ በርሳቸው ያያይዛቸዋል፣ ተያይዘው ሲከብዱ አይነሱም። በሴራሚክ ወይም በሊሾ ወለል ላይ እንደዚያ መርጨት ጭቃ ያደርጋል፣ ግን መላው አለ። መጥረጊያውን ራሱን ውኃ ነክሮ በደንብ ማራገፍ፣ ወይም እርጥብ ጨርቅ መጥረጊያው ላይ ጠቅልሎ መግፋት ይቻላል። ሰፊ አዳራሽ ወይም ሱቅ የሚጠርግ ሰው እርጥብ ሰጋቱራ በትኖ ቢጠርግ አቧራው ሰጋቱራው ላይ ተለጥፎ ይወጣል። ለጣውላ ወለል ግን ውኃው ጥቂት ይሁን፣ እንጨቱ ይጠጣና ያብጣል።

የጨርቁም ነገር አለ። ደረቅ ጨርቅና የላባ መጥረጊያ አቧራውን ከቡፌው ወደ አየር ያዛውራሉ፣ ሌላ ሥራ የላቸውም። የላባውን ነገር እንዲያውም ለጌጥ ካልሆነ ለምን እንደሚሸጥ አይገባኝም። ማይክሮፋይበር የሚባለው ጨርቅ ክሮቹ በጣም ቀጫጭን ስለሆኑ ብናኙን በመሃላቸው ይይዙታል፣ ትንሽ ረጥቦ ሲሆን ደግሞ የበለጠ። ከሌለ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ይበቃል። የሚያንጠባጥብ መሆን የለበትም፣ ተጨምቆ ለእጅ ቀዝቀዝ የሚል ያህል እርጥበት ነው የሚፈለገው። አራት አጥፋችሁ ያዙትና አንዱ ፊት ሲቆሽሽ ወደ ሌላው ገልብጡ። በቆሸሸ ፊት መወልወል አቧራውን ማስፋት ነው።

ሳሙና ላይ እጃችን ይዘረጋል። ወለሉ «ይጸዳ» ተብሎ ኦሞ ወይም ላርጎ በብዛት ባልዲው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በንጹህ ውኃ አይታጠብም። ሲደርቅ የሳሙናው ቅሪት ስስ የሚያጣብቅ ሽፋን ሆኖ ይቀራል፣ የሚያልፈውን አቧራ ሁሉ ይይዛል፣ ወለሉም በሁለተኛው ቀን ይጠቁራል። ለዕቃ ማብረቅረቂያ የሚቀባው ቅባት ነክ ነገርም እንደዚሁ ነው። ጥቂት ጠብታ ሳሙና ይበቃል። የባልዲው ውኃ ሲደፈርስ ደግሞ ቀይሩት፤ በደፈረሰ ውኃ የተወለወለ ወለል ሲደርቅ ነጭ መስመር የሚያወጣው ያው አፈር ተመልሶ ስለተቀባ ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ «ለመጠጥ ያልበቃ ውኃ ለወለል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ለዚያ ሁለት ትንንሽ ሳፋ ያዙ፣ አንዱ ጨርቅ ማለቅለቂያ፣ አንዱ ንጹህ። መጀመሪያ በቆሻሻው አለቅልቁ፣ ጨምቁ፣ ከዚያ ንጹሁ ውስጥ ንከሩ። በአንድ ትልቅ ባልዲ ከመወልወል ያነሰ ውኃ ይፈጃል፣ ውጤቱም የተሻለ ነው። የልብስ ማጠቢያው የመጨረሻ ማለቅለቂያ ውኃም ለወለል ይሆናል።

አሁን ቤቱ ራሱ የሚያመርተውን እንይ። «የቤት አቧራ አብዛኛው የሰው ቆዳ ነው» የሚል ወሬ ኢንተርኔት ላይ ይዞራል። ቆዳችን እየተቀረፈ እንደሚረግፍ እውነት ነው፣ ድርሻ አለው። ግን ስንት እጁ ቆዳ፣ ስንት እጁ አፈር፣ ስንት እጁ የጨርቅ ክር እንደሆነ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አስፋልት ያልደረሰው መንገድ ዳር ያለ ቤት አቧራው በብዛት አፈር ነው። ከዚያ ጨርቅ ይመጣል። ጋቢና ነጠላ የእጅ ፈትል ስለሆኑ የጥጥ ብናኝ ይጥላሉ፣ ብርድ ልብስም ክሩን ያራግፋል። ከአልጋ ሥር እየተጠቀለለ የሚንከባለለው ግራጫ ለስላሳ ነገር በብዛት እሱ ነው። ስለዚህ ብርድ ልብስ መኝታ ክፍል ውስጥ ቆሞ ማራገፍ ከባድ ስህተት ነው። በረንዳ ላይ ይራገፍ፣ ነፋሱ ወደ ቤት በማይነፍስበት በኩል። (ከታች ያለውን ጎረቤት ልብስ ማስጫ እያያችሁ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስንት ጠብ በዚህ ተነስቷል።)

ምንጣፍ መጋዘን ነው። ላዩን ስትጠርጉት ላዩ ይጸዳል፣ ሥሩ ግን የወራት አፈር ይዞ ይቀመጣል፣ በረገጥነው ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይለቃል። በእግር ርምጃ ቶሎ የሚነሳው ከ1 ማይክሮን የሚበልጠው ብናኝ ነው፤ እጅግ ደቃቁ ወለሉ ላይ አንዴ ከተጣበቀ እንደዚያ በቀላሉ አይላቀቅም። የሚጠቀለል ምንጣፍ ከሆነ በየጊዜው ውጭ አውጥቶ፣ ገልብጦ አንጠልጥሎ፣ ከጀርባው መደብደብ ነው። ግድግዳ እስከ ግድግዳ የተነጠፈ ከሆነና ቤት ውስጥ አስም ወይም ሳይነስ ያለበት ሰው ካለ፣ እኔ ብሆን አነሳው ነበር።

ቫኪዩም ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ፈትሹ፣ ከኋላው የሚወጣውን አየር። ማጣሪያው ደካማ የሆነ ቫኪዩም ትልቁን ውጦ ደቃቁን በኋላ በኩል ክፍሉ ውስጥ ይነፋዋል። ሲሠራ የአቧራ ሽታ ከሸተታችሁ ይሄው ነው። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን የሆነውን ብናኝ 99.97 በመቶ ይይዛል፣ «ሄፓ መሰል» ተብሎ የተጻፈበት ግን ይሄን ልክ የማሟላት ግዴታ የለበትም። ማጠራቀሚያውንም ቤት ውስጥ አትክፈቱት። ሲጎትቱትም ቀስ ብሎ ነው፤ በፍጥነት ወዲያ ወዲህ ማድረግ ድምፅ እንጂ ጽዳት የለውም።

ስለ አልጋ ስናነሳ በአቧራ ውስጥ የሚኖሩት፣ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ፣ የተቀረፈ ቆዳ የሚበሉት። አለርጂ የሚቀሰቅሰው በዋናነት ኩሳቸው ነው። እርጥበት ይወዳሉ። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ሲቆይ ይመነምናሉ፣ ስለዚህ ለደጋው በጋ አይመቻቸውም፣ ክረምት ላይና በቆላ እርጥብ አገር ነው የሚበረቱት። አንሶላና የትራስ ልብስ በ60 ዲግሪ ውኃ ሲታጠብ ይሞታሉ። በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ማጠብ ሁሉንም አይገድልም፣ ግን ኩሱን በደንብ ያጥባል፣ ያም ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ወለሉና ኮርኒሱ ናቸው። የሲሚንቶ ሊሾ ሲሠራ ውኃው ከበዛ፣ ወይም ከተሠራ በኋላ ውኃ ሳይጠጣ ቶሎ ከደረቀ፣ ላዩ ይደክማል። የደከመ ሊሾ ዕድሜውን ሙሉ ይቦናል፤ የምትጠርጉት አቧራ ወለሉ ራሱ ነው። መለየት ቀላል ነው። አንዱን ጥግ ደጋግማችሁ ወልውሉና ሲደርቅ በጥቁር ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። አሁንም ግራጫ ዱቄት ካወጣ ምንጩን አገኛችሁት፣ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ብትጠርጉ አያልቅም። ወይ የወለል ቀለም መቀባት፣ ወይ ማጠንከሪያ ኬሚካል ማስቀባት፣ ወይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው። ቁልፉን ተረክባችሁ ሊሾው ላይ እንዳለ የገባችሁ የኮንዶሚኒየም ሰዎች ይሄን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡት።

የአቡጀዴ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ ያለው የጭቃ ቤት ደግሞ ከላይ ነው የሚዘንብበት። ቆርቆሮውና ኮርኒሱ መሃል የዓመታት አፈር፣ የአይጥ ጉድ፣ የጭቃው ርጋፊ ተኝቷል። ነፋስ ቆርቆሮውን ባንቀጠቀጠ ቁጥር በጨርቁ ቀዳዳና በጠርዙ በኩል ይረግፋል። ምልክቱ አልጋና ጠረጴዛ ላይ፣ ማንም ሳይጠርግ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚገኘው አፈር ነው። ጠርዙን በደንብ መወጠርና ማሸግ፣ ካልሆነ ከሥሩ ላስቲክ መወጠር ያግዛል። ቺፑድ ወይም ጂፕሰም የማድረግ አቅም ሲገኝ ችግሩ ይዘጋል።

ጭስም ከዚሁ ይቆጠራል። የዕጣንና የከሰል ጭስ ብናኝ አብዛኛው ከ1 ማይክሮን በታች ነው፣ ማለትም ከሁሉም ረጅም ጊዜ የሚንሳፈፈው፣ ሳንባ ውስጥም ጠልቆ የሚገባው። ቡናው ያለ ዕጣን ይፈላ የሚል ደፋር የለም፣ እኔም አይደለሁም። ግን መስኮት ከፍታችሁ አጭሱ፣ የከሰሉን አመድ ደግሞ ቤት ውስጥ በእፍ አታራግቡት፤ ያ ቀላል አመድ ነው ማታ ስክሪኑ ላይ የምታገኙት። ከሰል በተዘጋ ቤት አለማንደድ ከአቧራም በላይ የሕይወት ጉዳይ ነው፣ ያን ሁላችንም እናውቃለን።

ስክሪን ካልን ዘንድ፣ ቴሌቪዥን ከአጠገቡ ካለው ጠረጴዛ ይልቅ ቶሎ የሚለብሰው ፕላስቲኩና መስታወቱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሚይዝ ነው። በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ቻርጁ ይጨምራል፣ አቧራውንም ይስባል። በበጋ ደረቅ አየር ይባስ ይላል። አጥፍታችሁ፣ ጨርቁን ትንሽ አርጥባችሁ፣ ሳትጫኑ ጥረጉት። ውኃውን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ እንዳትረጩ።

ከውጭ የሚገባው በሁለት መንገድ ይገባል፣ በእግርና በአየር። ለእግር መድኃኒቱ ጫማ በር ላይ ማውለቅ ነው፣ በቃ። እንግዳ ማስወለቅ የሚከብዳችሁ ንጹህ ነጠላ ጫማ በር ላይ ደርድሩ፣ ሰው ራሱ ይገባዋል። ሻካራ የእግር መጥረጊያ ከውጭ፣ ጨርቁ ከውስጥ፣ ሁለቱም ቶሎ ቶሎ ይራገፉ፤ የሞላ መጥረጊያ ጫማ ያቆሽሻል እንጂ አያጸዳም። ግቢያችሁ ባዶ አፈር ከሆነ ደግሞ ሣር ወይም ጠጠር ከማንኛውም የጽዳት ዕቃ በፊት የሚገባው ወጪ ነው።

ለአየሩ ከበር ሥር ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ማታ ውጭ መብራት በርቶ በበሩ ሥር ብርሃን ከገባ አቧራም ይገባል። ከበር ሥር የሚለጠፍ ጎማ ይሸጣል፣ ከሌለ የተጠቀለለ ጨርቅ። ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት የሚሄድበት ቦይ ውስጥ የተጠራቀመው አፈር ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከመስኮቱ መስታወት ይልቅ እሱን አጽዱ። መስኮት መክፈት የግድ ነው፣ ሁልጊዜ ዘግቶ መኖር አይቻልም። ነፋሱ ሲበርድ፣ ዝናብ ካካፋ በኋላ፣ ከመንገዱ በተቃራኒ ባለው በኩል ክፈቱ።

ጎረቤት ሴራሚክ በግራይንደር የሚያስቆርጥ ከሆነ ይሄን ሁሉ ለጊዜው እርሱት። ያ ነጭ ዱቄት ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለበት፣ በብዛትና በተደጋጋሚ ሲተነፈስ ሳንባ ይጎዳል። ሠራተኞቹ ውኃ እያንጠባጠቡ ቢቆርጡ በጣም ይቀንሳል፣ ለእነሱም ከእናንተ በላይ ይጠቅማል፣ ሄዳችሁ በሰላም ጠይቁ። እስኪጨርሱ መስኮቱን ዘግታችሁ በሩ ላይ እርጥብ አንሶላ አንጠልጥሉ፣ የገባውንም በደረቅ መጥረጊያ አትንኩት።

አሜሪካ ያላችሁ አየሩ በቱቦ የሚዞርበት ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ የማሞቂያው ማጣሪያ ካልተቀየረ ቤቱን ሙሉ አቧራ ያዞራል። ማሽኑ የሚችለው ከሆነ መርቭ 13 የሚል ደረጃ ያለውን አስገቡ። ዱባይ፣ ኩዌት፣ ሪያድ ያላችሁ የኤሲውን ማጣሪያ አውጥታችሁ እጠቡ፣ የአሸዋ አውሎ ካለፈ በኋላማ ሳትዘገዩ።

አየር ማጣሪያ ማሽን ልግዛ ወይ ለሚል፣ የሚንሳፈፈውን ይይዛል፣ በተለይ ደቃቁንና ጭሱን። ለአስም ሕመምተኛ መኝታ ክፍል ጥሩ ነው። ምንጣፉ ውስጥ የተኛውን ግን አይነካውም፣ ቶሎ የሚወድቀውም ትልቁ አቧራ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ያርፋል። የምትገዙ ከሆነ የክፍላችሁን ስፋት የሚችል መሆኑን እዩ፣ ከዚያ ደግሞ የመተኪያ ማጣሪያው እዚሁ ከተማ መገኘቱን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ። ካልተገኘ በዓመቱ ሶፋ አጠገብ ቆሞ እሱ ራሱ አቧራ የሚጠረግለት ዕቃ ይሆናል።